ራስ ቤሩት፦ የሰፈር ስምና የሰው ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ልጅ ሲወለድ በሰባተኛው ቀን ቤተሰብ ይሰበሰባል፤ አቅም ያለው ዐቂቃ ያርዳል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ስሙም በሽማግሌ አንደበት ይነገራል። የአገርና የሰፈር ስም ግን እንዲህ ያለ ቀን የለውም። ማን እንዳወጣው ሳይታወቅ በሰው አፍ ሲመላለስ ይኖርና አንድ ቀን ካርታ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ስሙን የሚጠራው ብዙ፣ ትርጉሙን የሚጠይቀው ጥቂት ይሆናል።

ይሁንና የቦታ ስም ቀላል ነገር አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በ622 እ.ኤ.አ. ወደ የስሪብ ከተሰደዱ በኋላ የከተማይቱ ስም መዲና ሆነ፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ትጠራለች። በአንድ ሰፈር ስም ውስጥ በዚያ ምን እንደነበረ፣ ማን ይኖር እንደነበር፣ ማን እንደተከበረ፣ ማንስ እንደተረሳ ይገኛል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ የፈለግሁት የዚህ ዓይነት የአንድ ሰፈር ስም ታሪክ ነው። ሰፈሩ ራስ ቤሩት ይባላል።

ይህን ስም ወደ ቤታችን ያስገባችው የእህቴ ልጅ ናት። በ2014 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሊባኖስ ሄደች። በስልክ «የት ሰፈር ነሽ?» ስትባል «ራስ ቤሩት» ትላለች። እናቷም ለጎረቤት ይህንኑ ትደግማለች። የጃንሆይን ዘመን በደንብ የሚያስታውሱ አንድ ጎረቤታችን ይህን ሰምተው «እዚያም አገር ራሶች አሉ እንዴ? እንግዲያማ ልጅቱ መኳንንት ቤት ነው የገባችው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እህቴ ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተ ዐረብኛ የተማርክ ሰው ነህ፤ ልጄ ያለችበት ቦታ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ንገረኝ» አለችኝ።

የአንዲት እናት ጥያቄ ነበርና በዋዛ ልመልሰው አልፈለግሁም።

በመድረሳ አጅሩሚያን የቀራ ሰው እንደሚያውቀው «ራስ ቤሩት» ኢዳፋ ነው። «ራስ» ሙዳፍ፣ «ቤሩት» ሙዳፍ ኢለይሂ ይሆናሉ። በአማርኛ ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥና «የቤሩት ራስ» ይባላል። ቃሉ በመጽሐፍ ዐረብኛ «ረእስ» ነው፤ በግዕዝ «ርእስ» ነው፤ የሊባኖስ ሕዝብ በዕለት ንግግሩ ልክ እንደ እኛ «ራስ» ይለዋል። ዐረብና ሐበሻ ይህን ቃል ከጥንት ጀምሮ እንደ ወንድማማች ተካፍለው እያንዳንዳቸው በየአገራቸው መልክ አሠሩት። እኛ ለሹመትና ለተራራ ሰጠነው፤ ራስ መኮንን እንላለን፣ ራስ ዳሸን እንላለን። የባሕር ዳር ዐረቦች ደግሞ ወደ ባሕር ገፍቶ ለወጣ የየብስ ጫፍ ሰጡት። ራስ አልኸይማ «የድንኳን ራስ» ማለት ነው። ምጽዋ ላይም ራስ ሙዱር የሚባል አለ። የቤሩት ምድር ውሃ ለመጠጣት አንገቱን እንደ ዘረጋ ግመል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ገብቷል፤ የዚያ አንገት ጫፍ፣ በምዕራብ በኩል፣ ራስ ቤሩት ነው።

«ቤሩት» የሚለው ደግሞ ከዐረብኛም በፊት የነበረ፣ የጥንቶቹ የከነዓን ሰዎች ያወጡት ስም ሲሆን «የውሃ ጉድጓዶች» ማለት እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። ዐረብኛችን ጉድጓድን «ቢእር» ሲል የዚያው ቃል ዘመድ ነው። እንግዲህ ለእህቴ «ልጅሽ ያለችው በጉድጓዶች አገር ራስ ላይ ነው» አልኋት። «ውሃ ካለበት ገብታለች፤ አልሐምዱሊላህ» አለች። እናት በየትኛውም ነገር ውስጥ መጽናኛ ማግኘት ትችላለች።

ለመሆኑ ይህ ራስ ከቤሩት ጋር እንዴት ተገናኘ? የድሮዋ ቤሩት በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ፣ በወደቡ አጠገብ፣ በግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ነበረች። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ራስ ቤሩት ከዚያ ግንብ ውጭ፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ ያለ ገጠር ነበር። አሸዋ፣ የቁልቋል አጥር፣ ቅጠሉ ለሐር ትል የሚመገብ የቱት ዛፍ፣ በመካከሉም ራቅ ራቅ ብለው የተሠሩ የገበሬ ቤቶች ነበሩበት። ሌሊት ቀበሮ ይጮኽበታል። ሱኒ ሙስሊሞች፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችና ድሩዞች በየአትክልታቸው ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። የአንዱ አጥር የሌላውም አጥር ነውና ጉርብትናው በዚያ ቁልቋል ላይ የተመሠረተ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ገጠር ወደ ከተማነት የለወጠው ትምህርት ነው። ዳንኤል ብሊስ የተባሉ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ በ1866 በ16 ተማሪዎች በኪራይ ቤት አንድ ኮሌጅ ከፈቱ። ቀጥሎም ማንም ብዙ ያልፈለገውን የራስ ቤሩትን መሬት ባሕሩን ቁልቁል ከሚያሳየው ከፍታ ላይ ገዙ፤ በ1871 የዋናው ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ኮሌጁ መጀመሪያ ሕክምናውን ሳይቀር በዐረብኛ ያስተምር ነበር፤ ወደ እንግሊዝኛ የዞረው በኋላ ነው። በ1920 የቤሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። መምህሩና ተማሪው በዙሪያው ቤት ሠራ፣ ነጋዴው ተከተለ፣ ቁልቋሉ ተመነጠረ። የቤሩት ሙስሊሞችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1878 መቃሲድ የተባለውን የበጎ አድራጎት ማኅበር በከተማይቱ አቋቁመው የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት የከፈቱት ለሴቶች ልጆች ነበር። የመምህርነት ሥራ ያለኝ ሰው በመሆኔ ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል። ሰው ለሌላው የሠራውን አይቶ ከመቆጨት ይልቅ ለራሱ ልጆች መሥራት ይሻላልና።

የሰፈሩን ውስጣዊ ስሞች ብናያቸው ደግሞ እያንዳንዳቸው ትምህርት አላቸው።

አንደኛው መናራ ነው። ለመርከብ መንገድ የሚያመለክት የመብራት ማማ በቆመበት አካባቢ የተሰጠ ስም ነው። እኛ የመስጊድ ሚናራ የምንለው ከዚሁ ቃል የመጣ ሲሆን ሥሩ ኑር፣ ብርሃን ነው። በባሕር ላይ ያለውን መርከብ የሚጠራውና በየብስ ያለውን ምእመን የሚጠራው በአንድ ስም ተጠሩ።

ሁለተኛው ረውሼ ነው። ከባሕሩ ውስጥ ሁለት ትላልቅ ቋጥኞች ቆመው የሚታዩበት ዳርቻ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛ «ሮሼ»፣ ማለትም ቋጥኝ፣ የመጣ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ከጥንታዊው አራማይክ የመጣ ሆኖ «ራስ» ማለት ነው ይላሉ። ሁለተኛው አባባል እውነት ከሆነ ያ የየብስ ጫፍ በሁለት ቋንቋ ሁለት ጊዜ ራስ ተብሏል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሐምራ ነው። ቃሉ «ቀይ» ማለት ቢሆንም የአገሩ ሰዎች ስሙን የሚያያይዙት ከቀለም ጋር ሳይሆን በኒ ሐምራ ከተባሉ ጎሣዎች ጋር ነው። በ1960ዎቹ የሐምራ ጎዳና በመጽሐፍ መደብሩ፣ በሲኒማው፣ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍሉና በቡና ቤቱ በዐረቡ ዓለም ሁሉ የታወቀ ሆነ። ከየአገሩ የተሰደደ ጸሐፊና ፖለቲከኛ መጠጊያው እዚያ ነበር። ከዚያ በ1975 የእርስ በርስ ጦርነት ተነስቶ እስከ 1990 ቆየ። በ1982 የእስራኤል ጦር ምዕራብ ቤሩትን ሲከብ ራስ ቤሩት ውሃና መብራት ተቆርጦበት በቦምብ ተደበደበ። በ1984 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በቢሮአቸው አቅራቢያ ተገደሉ። በ1991 ያ የ1871 የመሠረት ድንጋይ ያረፈበት ሕንፃ በፈንጂ ፈረሰ፤ ኋላም ተመልሶ ተሠራ። ይህ ሁሉ ሆኖ ስሞቹ ግን አንዳቸውም አልፈረሱም። ስም ከድንጋይ ይጠነክራል።

ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለው መንገድ በመሥራቹ ስም ብሊስ ይባላል። ከዚያ ወደ ሐምራ የሚወጣ አንድ መንገድ ደግሞ ዣን ዳርክ ይባላል። ፈረንሳይ አገሩን ከ1920 እስከ 1943 ስታስተዳድር ስለነበረ የፈረንሳይ ስም መገኘቱ አያስገርምም። ዣን ዳርክ በ1431 በእሳት ተቃጥላ የሞተች የፈረንሳይ ገበሬ ልጅ ናት። ቤሩትን አላየቻትም፤ ስሟንም ሰምታ ስለ መሆኗ ምልክት የለም። ያም ሆኖ በዚያ ጎዳና ስሟ በሰሌዳ ላይ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። የዚያን ጎዳና ደረጃ በየማለዳው የሚያጥቡት፣ ሽማግሌውን ደግፈው በባሕሩ ዳር የሚያንሸራሽሩት፣ ሕፃኑን ትምህርት ቤት በር ድረስ የሚያደርሱት የእነማን ልጆች ናቸው? ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማብቃት ጀምሮ ከኢትዮጵያ ወደ ሊባኖስ ለቤት ሥራ የሄዱት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። እነሱም የገበሬ ልጆች ናቸው። በራስ ቤሩት ስሞች ውስጥ ግን አልገቡም።

የእህቴን ልጅ ጉዳይ ከዚህ ጋር ያያያዝኩት በከንቱ አይደለም። ልጅቱ ስትወለድ በእናታችን፣ በሴት አያቷ ስም እንድትጠራ የወሰንነው በቤተሰብ ተመካክረን ነው። እናታችን ያን ቀን አቅፋት ዱዓ አድርጋለች። የቀጠሯት ቤተሰቦች ግን በደረሰችበት ሳምንት «ይህ ስም በቤታችን የእመቤቲቱ እናት ስም ነው፤ ሠራተኛ በዚህ ስም አትጠራም» ብለው ሌላ አጭር ስም ሰጧት። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ተጠራች። ከእሷ ጋር በሰገነት ለሰገነት የሚነጋገሩት ያገሯ ልጆችም ብዙዎቹ እንደዚያው ስማቸው የተለወጠ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ስሙ የተነፈገው ክፉ ስለነበረ አይደለም። ለእነሱ እናት የሚገባ ክቡር ስም ስለነበረ ነው። ለእናታቸው የሚያከብሩትን ስም በሌላ ሰው ልጅ ላይ ማየት አልፈለጉም።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከመጀመሪያው በስም ለይቶ ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ሠራተኛዋ በከፋላ ሥርዓት ለአንድ አሠሪ ትታሰራለች፤ ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ መቀየር አትችልም። የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ መስጠት እንደሚገባ በልጅነታችን የተማርነው ትምህርት ከቤት በር ላይ ይቀራል።

በ2019 የአገሩ ገንዘብ መውደቅ ሲጀምር ደመወዟ ተቋረጠ። በ2020 ክረምት ብዙ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቆንስላችን ደጃፍ እየጣሉ ሄዱ፤ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። ነሐሴ ወር ከመግባቱ በፊት፣ በኦገስት 4 ቀን፣ በወደቡ ተከማችቶ የነበረ ኬሚካል ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ራስ ቤሩት ከወደቡ ፈቀቅ ያለ ቢሆንም የቤታቸው መስታወት ረግፎ ነበር። ልጅቱ ያን ሁሉ ሌሊት ስብርባሪ ስትጠርግ አደረች። አልሐምዱሊላህ፣ በዓመቱ መጨረሻ በሕይወት ተመለሰች። የወራት ደመወዟ ግን እዚያው ቀረ።

ልትቀበላት አውሮፕላን ማረፊያ የሄደችው እናቷ ከሩቅ አይታ በስሟ ተጣራች። አልዞረችም። ሁለተኛ ተጣራች። አሁንም አልዞረችም። በሦስተኛው ነው ቆም ብላ እንደ ባዳ ወዲያና ወዲህ የተመለከተችው። እህቴ ይህን ስትነግረኝ «ደመወዟን ቢወስዱባት ወጣት ናት፣ አላህ ይተካላታል። ስሟን ግን ከጆሮዋ አወጡባት» አለችኝ። እኔ በብዙ ኪታብ የፈለግሁትን ነገር እሷ በአንድ ቃል ተናገረችው።

ከዚያች ከተማ ጋር ያለን ዝምድና በሥራ ብቻ የተወሰነ እንዳልሆነም እናስታውስ። በጃንዋሪ 25 ቀን 2010 ከቤሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በደቂቃዎች ውስጥ ባሕር ላይ ወድቆ የነበሩበት 90 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከነሱ ውስጥ ብዙ ሊባኖሳውያን ነበሩ፤ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ የእኛ አገር ሴቶችም ነበሩ። ባሕሩ አሠሪና ሠራተኛ ብሎ አልለየም። በሁለቱም አገር እናቶች በአንድ ቀን አለቀሱ።

ወገኖቼ፣ ቤሩትን ለመኮነን አልጻፍኩም። ቤሩት የኢማም አውዛዒም ከተማ ናት። እኒህ ታላቅ የፊቅህ ሊቅ በ707 በበዕለበክ ተወልደው በ774 በቤሩት ያረፉ ናቸው። በ759 ገደማ በሊባኖስ ተራራ አንዳንድ ክርስቲያኖች ባመፁ ጊዜ የዐባሲዎቹ አገረ ገዥ ካመፁት ጋር ያላመፁትንም ከመንደራቸው አፈናቀለ። ኢማሙ ዝም አላሉም። በጥቂቶች ጥፋት ብዙኃኑ እንዴት ይቀጣሉ ብለው ለገዥው ጻፉለት፤ በላዙሪ የተባለው የታሪክ ጸሐፊም ይህን መዝግቦታል። የተቀበሩት ከከተማው በስተ ደቡብ ባሕሩ ዳር በምትገኝ መንደር ሲሆን የዚያች መንደር የቀድሞ ስም ተረስቶ ዛሬ ሰፈሩ በሳቸው ስም አውዛዒ ይባላል። ቦታው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው። ልጆቻችንን የጫነው አውሮፕላን ሲያርፍ መጀመሪያ የሚያልፈው ለባዳ ሰው በተሟገተ ዓሊም ስም የተጠራውን ሰፈር ነው። የዚያን ስም ትርጉም ሰፈሩን አልፎ የሚሄደው ሁሉ ቢያስበው ኖሮ!

ብሊስ ትምህርት ቤት ሠርቶ መንገድ ተሰየመለት። በኒ ሐምራዎች በጎሣቸው ስም ሰፈር ተጠራላቸው። ኢማሙ በፍትሕ ቃላቸው አንድ መንደር ስሟን ለቀቀችላቸው። የእኛ ልጆች ሰፈር ይሰየምልን አላሉም። የራሳቸውን ስም ብቻ ነበር የፈለጉት።

እንግዲህ ጣታችንን ወደ ባሕር ማዶ ከመቀሰራችን በፊት ወደ ጓዳችን እንመልከት። በየከተማችን ቤት ከገጠር የመጣች ልጅ ስትቀጠር «ስምሽ ይከብዳል» ተብሎ ሌላ ስም የሚወጣላት የለችምን? ወይም የልጃችንን ስም የያዘች ሆና ተገኝታ «እንዲህ ብለን እንጥራሽ» የተባለች? ከነጭራሹም ያለ ስም «ልጅት» እየተባለች ዓመት የምትጨርስ? የእሷም እናት በአንድ ገጠር ጎጆ ውስጥ በሰባተኛው ቀን ዱዓ አስደርጋለች። ያ ስም አማና ነው። ልጅቱን ስንቀበል ስሟንም አብረን ተቀብለናል፤ ስንመልሳት ከነስሟ ልንመልሳት ይገባል።

ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ያሉ ወላጆችም የምታደርጉት ነገር አለ። ያለችበትን ከተማ ብቻ ሳይሆን ሰፈሯን፣ መንገዷን፣ ቤቱ የሚታወቅበትን ምልክት ጠይቃችሁ ጻፉ። ቤሩት ውስጥ እንደ እኛው አገር ሰው ቦታ የሚያመለክተው በቁጥር ሳይሆን «ከመናራው ወደ ታች» እያለ ነው። ጽፋችሁ ብታስቀምጡ በክፉ ቀን ይጠቅማል። ስልክ ስትደውሉም ከሁሉ አስቀድማችሁ ሙሉ ስሟን፣ ከነአባቷ፣ ጥሩላት። ስለ ገንዘቡ ኋላ ትደርሳላችሁ። በቀን አንድ ጊዜ እንኳ ስሙን የሚሰማ ሰው ማን እንደሆነ አይረሳም።

ራስ ማለት ጫፍ ነው፤ ራስ ማለት ደግሞ የሰው ማንነት ነው። በአማርኛችን «ራሴ» ስንል «እኔ» ማለታችን ነው። የቤሩት ራስ ላይ የቆሙ፣ ራሳቸውን ግን እንዲረሱ የተደረጉ ልጆች ሁሉ አላህ በሰላም ይመልሳቸው፤ በቤታችን ያሉትንም በስማቸው የምንጠራ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።